ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ መሟገት

ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ሰሜን አሜሪካ የሚገባ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ግር የሚለው የመምህሩ ዝምታ ነው። አሥር አሥራ ሁለት ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣል። ሴሚናሩ በሳምንት አንድ ቀን ሆኖ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ለዚያች ቀን ከመቶ ገጽ በላይ አንብቦ መምጣት፣ በዋዜማው ማታም አንድ ሁለት ገጽ ጽፎ መላክ ግድ ነው። መምህሩ አንድ ጥያቄ ጣል ያደርግና ዝም ይላል። አገር ቤት ማስታወሻ መገልበጥ የለመደ ተማሪ ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል፤ የሚገለበጥ ነገር ግን አይመጣም።

ከዚህም የሚከብድ አለ። አንድን ጽሑፍ ከመንቀፍ በፊት፣ ጸሐፊው ቢሰማ «አዎ፣ ይህንኑ ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ ሐሳቡን መልሶ መናገር ይጠየቃል። ጉዳዩ የአገራችን ፖለቲካ ሲሆን ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡን ተናገሩ ስንባል ሰውየውን እንናገራለን፦ ከየት እንደመጣ፣ የማን ወገን እንደሆነ፣ በየትኛው ዘመን የት እንደሠራ። ሐሳቡ ሳይነካ ባለ ሐሳቡ ተዘልዝሎ ያልቃል።

ይህን ሥርዓት ከፈረንጅ የምንማረው አዲስ ነገር አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። በድሮው የሙግት ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ተቋጥረው፣ ጎን ለጎን እየተራመዱ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ተብሎ የተጠራ መንገደኛ ቆሞ ይዳኛቸዋል። ሙግቱ በተጠየቅ ይከፈታል፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው «ልጠየቅ» ብሎ ለተጠየቀው ይመልሳል። ተሟጋቹ ቃሉን በውርርድ ያስይዛል፤ ማር ሊሆን ይችላል፣ በቅሎ ሊሆን ይችላል። በላ ልበልሃ የምንለው ይህ ነው። እንከኑም ብዙ ነበር። አንደበተ ርቱዕ እውነተኛውን ይረታ ነበር፤ ሴቶች በችሎቱ የነበራቸው ቦታ ጠባብ ነበር፤ ድሃ የሚያስይዘው በቅሎ አልነበረውም። ይሁንና ሁለት ነገር በውስጡ ነበረ፦ ከተቃራኒህ ጋር ታስረህ ትሄዳለህ፣ ለምትናገረውም ቃል የሚያስከፍልህ ነገር ታስይዛለህ።

የዛሬውን የፖለቲካ ንግግራችንን በእነዚህ በሁለቱ መመዘን ይቻላል። ውጭ አገር ያለው ይናገራል፤ ከሚናገርበት ሰው ጋር ግን አልተቋጠረም፣ ያስያዘውም የለም። አገር ቤት ያለው ከነልጁ ከነቤቱ ሁሉን አስይዟል፣ ከጎረቤቱም ጋር ተቋጥሯል፤ እንደ ልቡ መናገር ግን አይችልም።

በዲያስፖራው የቅዳሜ ስብሰባ አዳራሹ ለአራት ሰዓት ይከራያል። አራት ተናጋሪ ይጋበዛል፤ ለእያንዳንዱ ሃያ ደቂቃ ይሰጠውና አርባ ይወስዳል። ስብሰባው ራሱ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ስለሚጀመር ለጥያቄ የሚተርፈው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ በዚያም ላይ የመጀመሪያው ጠያቂ ጥያቄ ሳይሆን ንግግር ያደርጋል። ተናጋሪዎቹ የሚመረጡት ከአንድ ወገን ነው። ሌላኛው ወገን በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ አንዳንዴ በዚያው አዳራሽ፣ የራሱን ይጠራል። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም።

አገር ቤት ደግሞ መድረክ የሚባል አለ። ሰነድ ይነበባል፣ ተሳታፊ በቡድን ተከፍሎ ይወያያል፣ የቡድን ተወካይ የሰነዱን ቃል መልሶ ያቀርባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። እውነተኛው ውይይት በሻይ ዕረፍት ላይ፣ ሁለት ሦስት ሰው ጥግ ይዞ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይካሄዳል፤ እሱን የሚጽፈው የለም። በሌላ በኩል፣ ውጭ ያለን ሰዎች ቶሎ የምንረሳው ነገር አለ። በምርጫ ተቃራኒ የቆሙ ሁለት ሰዎች የአንድ ዕድር አባል ናቸው፤ የአንዱ እናት ሲሞቱ ድንኳኑን ሌላው ይተክላል። ይህ ቋጠሮ ከአዳራሹ ንግግር ሁሉ ይልቅ ሰላም አስጠብቋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ርቀቱ ይበልጥ የሚከፋው ስልክ ሲቆረጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ፣ ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ በትግራይ፣ በ2015 ክረምት ደግሞ የሞባይል ዳታ ሲዘጋ በአማራ ክልል የታየው ተመሳሳይ ነው። ከዚያ የሚመጣው ወሬ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር እዚህ የሚነገረው እየበዛ ሄደ። የታፈነው ሰው ስቃይ እንዳይረሳ ጩኸቱ አስፈላጊ ነበር፣ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ባለጉዳዩ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ማለት በማይችልበት ሰዓት ስለ እሱ የተባለው ሁሉ ያለ ዳኛ ጸና። መስመሩ ሲከፈት የእናቶች የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን አለ? ማን የለም?» ነበር፤ እዚህ ሲነገር የከረመው ግን ስለ ድልና ሽንፈት ነበር።

የትናንቶቹ የውጭ ተማሪዎች በዚህ ረገድ ከኛ ይለያሉ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በነሐሴ 1963 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ 19ኛ ጉባኤውን ሲያካሂድ የብሔረሰቦችን ጥያቄ በረጃጅም ጽሑፎች ተከራክሮበት ተከፈለ። ሁለቱ ተቀናቃኝ የግራ ፓርቲዎች፣ መኢሶን በነሐሴ 1960 ሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በሚያዝያ 1964 በርሊን ተመሠረቱ፤ ሁለቱም በሰው አገር፣ ሁለቱም በተማሩ ወጣቶች። እነዚያ ወጣቶች ያስያዙት ነበራቸው። ተመልሰው ገቡ፣ ብዙዎቹም በሕይወታቸው ከፈሉ። ያጡት ቋጠሮውን ነው። እርስ በርስ የተጠራሩባቸው «ባንዳ» እና «አናርኪስት» የሚሉት ቃላት የሰውን ሐሳብ መልሶ ከመናገር አሳረፏቸው፤ በ1969 እና በ1970፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ደግሞ እነዚያው ቃላት በጎዳና ላይ በተጣለ ሬሳ ደረት ላይ ተጽፈው የሚነበቡ ሆኑ። ዛሬ ስያሜዎቹ ሌሎች ናቸው፤ ሥራቸው አልተለወጠም።

ስለ ሰላም ስንነጋገር ቃል በቃል መጠንቀቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አማርኛ በዚህ በኩል ሀብታም ነው፣ እኛ ግን ቃላቱን አንዱን በሌላው ቦታ እንረጫቸዋለን። ክርክር ሰሚና ፈራጅ አለው፤ ተረቺና ረቺ ይወጣበታል። ውይይት ፈራጅ የለውም። ድርድር ሰጥቶ መቀበል ነው፤ የሚሰጠው ነገር በእጁ ያለ ወገን ብቻ ይቀመጥበታል፣ ሲያልቅም ይፈረማል። ምክክር ባለጉዳዩ ሁሉ ተሰብስቦ ምክረ ሐሳብ የሚያወጣበት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው፣ 11 ኮሚሽነሮች የተሾሙለት የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን የተሰጠው ሥራ ይህ ነው። ጠመንጃ የያዘ ወገን ለምክክር ሲጠራ «ምን ይሰጠኛል?» ካለ፣ የሚጠብቀው ድርድር ነው፤ ምክክር ደግሞ ይህን ሊመልስለት አይችልም። ከዚያ «ምክክሩ ከሸፈ» ይባላል። የከሸፈው ግን ጥሪው ነው፤ ለአንዱ ጉዳይ የሌላው ወንበር ተዘረጋ።

ዕርቅ ደግሞ ለብቻው ነው። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ለየብቻ ይሰማሉ፣ በኋላ ያገናኛሉ፤ በደሉ በስሙ ይጠራል፣ ካሣው ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ ይቅርታው ከዚያ ወዲያ ነው። በፖለቲካችን ውስጥ የተለመደው ጥፋት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ይቅርታው መጀመሪያ በሰልፍና በዘፈን ይታወጃል፣ በደሉ ሳይጠራ ይቀራል፣ ዋሱም አይታወቅም።

አንድ ቃል የሚያመጣውን ከውጫሌ ውል በላይ የሚያሳይ የለም። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲፈረም በአማርኛና በጣልያንኛ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው እንደ ግዴታ የሚያዝ ቃል ነበረው። «ይቻላቸዋል» ፈቃድ ነው፤ ባይፈልጉ ይተዉታል። ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ደም ፈሰሰ። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተዘጋጀ፤ የተሸናፊው ቋንቋ ቀረ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለ ሰላም ስምምነት ሲጽፍ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው፦ ሰነዱ በየትኛው ቋንቋ ተጻፈ? ሕዝቡስ በየትኛው አነበበው?

የትግራይን ጦርነት ለማቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አወዛጋቢ የሆኑ አካባቢዎች ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይፈታል የሚለውን አንድ ሐረግ አንዱ ወገን «ይመለስልኛል» ብሎ አነበበው፣ ሌላው «ገና አልተወሰነም» ብሎ። ሁለቱም ሐረጉን በቃላቸው ያውቁታል። አንዱ የሌላውን ንባብ ያለ ስድብ መልሶ ሲናገር የሚሰማው ግን ስንት ጊዜ ነው?

ሥነ ጽሑፍ የሚገባው እዚህ ነው፤ እንደ ማስጌጫ ሳይሆን እንደ መለማመጃ። በልብ ወለድ ውስጥ የተቃራኒህን ሰው ሐሳብ ከውስጡ ሆነህ ለመናገር ማንንም አትከዳም። በዲያስፖራው ከተሞች የተለያየ ወገን ያላቸው ተማሪዎች የንባብ ክበብ ሲያቋቁሙ የሚበጀው ከቅርቡ ጦርነት አለመጀመር ነው፤ ቁስሉ ትኩስ ስለሆነ ንባቡ በሁለተኛው ገጽ ይቆማል። ራቅ ካለ ዘመን ይጀመር። ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. ከታተመው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ ግብር አንሰጥም ያሉትን ባላገሮች ሊወጉ የሚዘምቱበትን ክፍል መውሰድ ይቻላል። አበጀ በለው ባላገሮቹን አስተባብሮ ፊታውራሪውን ይማርካል።

ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ዝምተኛው ይጠፋል። ለአንድ ጊዜ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ገጽ፣ ለውይይቱ ሁለት ሰዓት። የግእዝ ፊደል ማንበብ የማይችሉ እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆች ካሉ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ማድመጥ ይችላሉ። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ «ምን ሆነ?» ብቻ ይጠየቅበታል፤ ማንም አይፈርድም። ቀጥሎ ግማሹ ለፊታውራሪው፣ ግማሹ ለባላገሩ ይሟገታል፣ በሰው ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ስለታተመ የገጽ ቁጥር አይገጥምም፣ በምዕራፍ መጥቀስ ይሻላል። ያላነበበ ሰው ያዳምጣል፣ አይናገርም። ይህች ደንብ ከላላች ክበቡ በወሩ የቅዳሜው አዳራሽ ይሆናል፤ ብዙ የሚናገረው ሁልጊዜ ያላነበበው ነውና።

ለፊታውራሪው መሟገት መጀመሪያ ሳቅ ያስነሣል። አንድ ሰው ግን የምር ይዞት «አባቴም ይህንኑ ተቀብሏል፣ ባላገሩም ለአባቴ ከፍሏል፤ ዛሬ ብተወው ነገ ማን ያከብረኛል?» ሲል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ይህ ፍርሃት የሽማግሌው ብቻ አይደለም፤ በዛሬው ዜናም ይገኛል። እዚህ ግን የማንም ስም ሳይጠራ ተነገረ።

አገር ቤት ያሉትን ማስገባት ደግሞ የክበቡ ዋና ቁም ነገር ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ከጠዋቱ አራት ሰዓት (በኛ አቆጣጠር) አዲስ አበባ በበጋቸው አሥራ አንድ፣ በክረምታቸው አሥራ ሁለት ሰዓት ከምሽቱ ነው። ኔትወርኩ ስለሚደክም ምስል ተዘግቶ በድምፅ ብቻ ይሁን፣ ምንባቡም ቀድሞ በቴሌግራም ይላክ። አይቀረጽ፤ እዚህ ያለው ለቀልድ የሚያስቀረው ቅጂ እዚያ ላለው ክስ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ዙር ከኦሮምኛ ወይም ከትግርኛ ሥራ አምስት ገጽ አባላቱ ራሳቸው ይተርጉሙ። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይወስዳል፣ አንድ ቃል ላይም ግማሽ ሰዓት ይጨቃጨቃሉ፤ ጭቅጭቁ ከንባቡ አይተናነስም።

አንድ ሰው ተቆጥቶ መውጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በዚያው ምሽት የሚደውልለት ሰብሳቢው አይሁን፤ በተቃራኒው ቆሞ የተሟገተው ሰው ይሁን። ስለ ክርክሩ ሳያነሣ ደህና መግባቱን ይጠይቀው፣ ለሚቀጥለው ሳምንት የተመደበውን ምዕራፍ ይንገረው።