ፍሬኑ ይቆይ፣ ቴፑ ይሠራ

የቆየ ፒካፕ ያለው ሰው ብልሽትን የሚመዝንበት የራሱ ሚዛን አለው። ፍሬኑ ሲያፏጭ «ይቆይ፣ ገና ይይዛል» ይላል። የጎን መስታወቱ ቢሰበር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ያያል። ፍሬቻው ቢጠፋ እጁን ይዘረጋል። የነዳጅ ጌጁ ከሞተ ከርሟል፤ ታንከሩን መታ መታ አድርጎ በድምፁ ይገምታል። ቴፑ ዝም ያለ ቀን ግን ቀኑ የሥራ ቀን አይደለም። ቀጠሮ ይሰረዛል። «መኪናዬ ተበላሽቶብኛል» ተብሎ ይደወላል።

ነገሩን ታዝቤ ታዝቤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ሰው አሮጌ ፒካፕ ላይ ቴፕ የሚያስገጥመው ዘፈን ለመስማት አይደለም። መኪናውን ላለመስማት ነው።

እስቲ ቴፑ የሞተበት ፒካፕ ውስጥ ግቡ። ከፊት ጎማ አካባቢ ኩሽኔታው «ውውው» ይላል። ፍጥነት ሲጨመር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲቀነስ ይወፍራል። ባሌስትራው በየጉድጓዱ ያቃስታል። የኋላው ስፖንዳ በሽቦ ስለታሰረ አስፋልት ላይ ሳይቀር ያጨበጭባል። ከወንበሩ ሥር ደግሞ አንድ ብሎን አለ። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ወደ ግራ ይንከባለላል፣ ወደ ግራ ስትታጠፉ ተመልሶ ይመጣል። ከየት ወልቆ እንደወደቀ የሚያውቅ የለም። ማወቅ የሚፈልግም የለም። እነዚህ ድምፆች ዛሬ አልተጀመሩም። ዓመታት ሙሉ ነበሩ። ቴፑ ነው ገበናቸውን ሸፍኖ ያኖራቸው።

ታዲያ ባለቤቱ ይህን ሁሉ ጉድ ከሰማ በኋላ መካኒክ ጋ ይሄዳል? የለም። ኤሌክትሪሻን ፍለጋ ይወጣል።

ዝምታው ሌላም ጣጣ አለው። የፒካፕ ጋቢና ጠባብ ነው። ሦስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ መሃል የተቀመጠው ሰው ማርሹን በጉልበቶቹ መካከል ያስተናግዳል። ዘፈን ካለ ይህ ሁሉ ችግር የለውም፤ ሁሉም መንገዱን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ዘፈን ከሌለ ግን ወሬ ግድ ይሆናል። መሃል የተቀመጠው የሚስት ወንድም ከሆነ ደግሞ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል።

«ሥራ እንዴት ነው ታዲያ?»

«ደህና ነው፣ ይመስገን።»

«ጥሩ፣ ጥሩ። እኔ ምልህ… ያቺ ብር ነገርስ?»

ሹፌሩ ይሄኔ እጁን ሰንዝሮ ቴፑን በጥፊ ያጮለዋል።

ስለዚህ ጥፊ ትንሽ ማለት ይገባል። እያንዳንዱ አሮጌ ቴፕ የሚመታበት ቦታ አለው። የአንዱ ከላይ በቀኝ ጥግ ነው፣ የሌላው ከታች ከቁልፉ አጠገብ። የቤቱ ልጆች ከፊደል በፊት ያውቁታል። ደግሞ ይሠራል! ጥንቆላ አይደለም። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ስለኖረ ውስጡ በሊድ የተበየደው ነጥብ ተሰንጥቋል፣ ወይም ከኋላው ያለው ሶኬት ላልቷል። ስትመቱት ለጊዜው ይነካካና ድምፅ ይሰጣል። ቀጣዩ ጉድጓድ ላይ ይላቀቃል። የጥፊ ክፋቱ መሥራቱ ነው። አንዴ ከሠራ ማንም ሰው ቴፑን ከፍቶ ሊድ ላስነካው አይልም፤ መዳፉን ያጠነክራል እንጂ።

ጥፊ እንቢ ያለ ቀን ጉባኤ ይቀመጣል። ማንም ሳይጠራው ነው የሚቀመጠው። ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ሰው ይሰበስባል፣ ቴፑ የተነቀለ መኪና ግን ይበልጣል። «ስለ ሞተር አላውቅም» የሚል ትሑት ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል። «ስለ ቴፕ አላውቅም» የሚል ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ጉባኤው ወዲያው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን ይጠገን ይላል፣ ሌላው ይቀየር።

የጠጋኞቹ መከራከሪያ አንድ ብቻ ነው፤ «ኦርጅናል ነው እኮ!» ኦርጅናል ነው ከተባለ በኋላ ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ፊሊፕስ ካሴትን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ሲዲ በ1982 ሲመጣ የካሴት ዕድሜ መቆጠር ጀመረ። ጠጋኞቹ ይህን ዜና አልሰሙም። ቴፑ ሲከፈት ካሴቱን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ ቀልጦ ጥቁር ሙጫ ሆኗል። ጣት ከነካ በሳሙና አይለቅም። «ቀበቶዋን ብቻ ቀይራት» ይላል አንዱ። እውነቱን ለመናገር ልክ ነው። ቀበቶው ቢቀየር፣ ማንበቢያ ሄዱና ካሴቱን የሚጨቁነው ትንሹ ጎማ በአልኮል ቢጠረጉ ብዙ ቴፕ ነፍስ ይዘራል። ችግሩ ነፍስ ከዘራ በኋላ ምን ያጫውታል የሚለው ነው። ያለው ካሴት አንድ ነው፣ እሱም ውስጡ ተቀርቅሮ የቀረው። ቀበቶው ከመበጠሱ በፊት ላልቶ ስለነበር ዘፋኟ ለዓመታት በወንድ ድምፅ ስትዘፍን ቆይታለች። ቴፑ ተጠግኖ ትክክለኛ ድምፅዋ ሲወጣ ባለቤቱ «አበላሹብኝ» ብሎ ይጣላል።

የቀያሪዎቹ መከራከሪያ ደግሞ ያጥራል። «ብሉቱዝ ግዛና ተገላገል።»

ግዛ ማለት ቀላል ነው። ቀዳዳው ግን አለ። የመኪና ቴፕ በዓለም ላይ የታወቀ ልክ አለው፤ ወርዱ 180 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 50። ልኩን ያወጣው የጀርመን የደረጃዎች ተቋም ስለሆነ በተቋሙ ስም ዲን ይባላል፤ ባለ እስክሪን ትልቁ ደብል ዲን ነው፣ ቁመቱ 100። የብዙ ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ቀዳዳ ደግሞ ወርዱ 200 ነው። ይህ ልክ ከመለመዱ በፊት የተሠራው ፒካፕ ጭራሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ የለውም፤ ግራና ቀኝ ሁለት የቁልፍ ብሳና መሃሉ ላይ ቀጭን መስኮት ብቻ ነው ያለው። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው አዲሱን ቴፕ ከካርቶኑ ካወጣ በኋላ ነው። ሻጩ «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ብሎታል። ሻጭ ዋሽቷል አይባልም። መጋዝ ካለ ለሁሉም ይሆናል።

መጋዙ ይመጣል። ፀሐይ ሲያደርቀው የኖረ የዳሽቦርድ ፕላስቲክ በመጋዝ አይቆረጥም፣ ይሰነጠቃል። «ቀጭ» ሲል ሁሉም ሰው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል። ከዚያ ቀዳዳው ይሰፋል። በጣም ይሰፋል። የተረፈው ክፍተት በስፖንጅና በካርቶን ይጠቀጠቃል፣ ከላይ ናስትሮ ይለበጣል። ለየመኪናው ልክ ተሠርቶ የሚሸጥ የፕላስቲክ ፍሬም መኖሩን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። «ለፕላስቲክ ብር አላወጣም» ብለው ነው።

ያገለገለ ቴፕ የገዛው ደግሞ ሌላ ድራማ አለው። ለጃፓን ገበያ የተሠራው የድሮ ሬዲዮ ኤፍኤም ላይ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። አብዛኛው ዓለም የሚያሰራጨው ከ87.5 እስከ 108 ነው። ስለዚህ የሚገናኙት ጫፍና ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ጉባኤው ግን «አንቴናው ነው» ብሎ ይወስናል። አንቴናው ተሰብሮ በልብስ መስቀያ ሽቦ ከተተካ ቆይቷል፤ እሷ ምስኪን ሽቦ ርዝመቷ ወደ 75 ሳንቲሜትር ከሆነና ከቦዲው ብረት ካልተነካካች ለኤፍኤም የምታንስ አይደለችም። ቢሆንም ትነቀላለች። አዲስ አንቴና ይተከላል። ቴፑ አሁንም ያንኑ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል። ባለቤቱ ጣቢያውን መውደድ ይጀምራል።

አሁን ወደ ሽቦው እንምጣ። የአዲስ ቴፕ ሽቦ ሥርዓት ያለው ነገር ነው። ቢጫው በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፣ ሰዓቱንና የተያዙትን ጣቢያዎች ያስታውሳል። ቀዩ ደግሞ የመኪናው ቁልፍ ሲዞር የሚነሳው ነው። ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው። ነጭ የፊት ግራ ስፒከር፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ወይን ጠጅ የኋላ ቀኝ። ጥቁር መስመር ያለበት የየራሳቸው ኔጌቲቭ ነው። እዚህ ድረስ ልጅም ይገጥመዋል።

በፒካፑ በኩል የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሪሻኑ እጁን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ አንድ ጭብጥ ሽቦ ይጎትታል። ቀዩ በአረንጓዴ ተቀጥሏል። አረንጓዴው በስልክ ሽቦ ተራዝሟል። የስልኩ ሽቦ ናስትሮው ሙጫውን አንጠባጥቦ ራቁቱን ቀርቷል። ፊውዝ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል። አንዱ ሽቦ ተከትሎ ሲታይ መብራት የወሰደው ከፍሬቻው ነው። አንድ ዘመን ይህ መኪና የሚዘፍነው ሲታጠፍ ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ብልጭ ድርግም እያለ።

ኤሌክትሪሻኑ ሽቦ በጥርሱ እየላጠ «ማነው እንዲህ የጨረገደው?» ይላል። ይህን ሳይል ሥራ የሚጀምር ኤሌክትሪሻን የለም። የጨረገደው ራሱ ነው። ባለቤቱ በደንብ ያስታውሳል፤ ያኔም ይሄንኑ ጠይቆ ነበር። ግን ሽቦው አፉ ውስጥ እያለ እንዴት ይነገረዋል?

ሲመሽ ይቸኩላል። ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ጠምዝዞ ባትሪ ላይ ያስራቸዋል። «አሁን ያለ ቁልፍም ይሠራልሃል!» ይላል፣ ጉርሻ እንደጨመረ ሁሉ። ቴፑ ሌሊቱን ሳይተኛ ባትሪውን ሲጠባ ያድራል። ጠዋት መኪናው አይነሳም። ይገፋ ይባላል። «ብሉቱዝ ግዛ» ያለው ጉባኤ ጠዋት ላይ የለም። አንዱ ብቻ በመስኮት ብቅ ይላል። «ሁለተኛ ማርሽ አስገባ!» ብሎ መጋረጃውን ይዘጋል።

በካርቶኑ ላይ ስለተጻፈው ዋትም ሳልናገር አላልፍም። «50 ዋት በ4» ይላል፤ ድምሩ 200። ከኋላው ያለውን ፊውዝ አውጥታችሁ ብታዩት ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ነው። ሞተር በርቶ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት አካባቢ ነው። 10 በ14 ሲባዛ 140። ጠቅላላ የሚገባው 140 ሆኖ የሚወጣው 200 ነው! እንዲህ ያለ ትርፍ ሌላ ቦታ ቢገኝ ሁላችንም እንነግድ ነበር። ሐቀኛው ቁጥር በአንድ ስፒከር ወደ 20 ዋት ነው፤ ለፒካፕ ጋቢና እሱም ይበቃል። ችግሩ ስፒከሩ ነው። በሩ ውስጥ ያለው ወረቀቱ በውሃ ተበልቶ፣ ጠርዙ ተቀዶ፣ ባሱ ሲመጣ ይርገበገባል።

ደግሞ አንዳንድ አሮጌ መኪና የስፒከሮቹን ኔጌቲቭ ሁሉ ሰብስቦ ቦዲው ላይ ያስራል። የድሮው ቴፕ ይህን ይችላል። አዲሱ አይችልም፤ በዚያው መንገድ ከተገጠመ ውስጡን ያቃጥላል። «ፎርጂድ ነው የሸጠልህ» ይባላል ከዚያ።

ይህን ሁሉ አልፎ አዲሱ ቴፕ በሰላም ተገጠመ እንበል። ሰማያዊ መብራቱ በራ። ስልኩ ተገናኘ። ዘፈኑ ተለቀቀ። ሞተሩ ተነሳ። ከዘፈኑ ጀርባ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። «ዊዊዊ» ይላል። ነዳጅ ሲረገጥ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ሲለቀቅ ይወርዳል። የዲናሞው ድምፅ ነው። ማሳው በደንብ ስላልታሰረ ዲናሞው በስፒከሩ በኩል ይወጣል። እንግዲህ እዩት። ሰውየው ይህን ሁሉ ያወጣው ሞተሩን ላለመስማት ነበር። አሁን ሞተሩን በአራት ስፒከር ይሰማዋል፤ ግራና ቀኙ ተለይቶ፣ ባስና ትሬብሉ ተስተካክሎ።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ ማሳውን በብሎን ጠበቅ ማድረግ ነው። ብሎን ደግሞ ከወንበሩ ሥር አለ። ግን ማን ይፈቅፍቃል? ድምፁን መጨመር ይቀላል። ይጨመራል።

ድምፁ ጣሪያ ነክቶ ባለበት ስልክ ይደወላል። ብሉቱዝ ነዋ! ዘፈኑ ተቋርጦ ደዋዩ በአራቱም ስፒከር ይገባል።

«የት ነህ?»

«ቤት ነኝ፣ ትንሽ አሞኝ ተኝቼ ነው።»

ከኋላ የተጫነው በግ «ባ» ይላል። ሹፌሩ የሚዘጋበትን ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሁሉም ቁልፍ አንድ ዓይነት ነው። ተሳፋሪው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። የሚስት ወንድም ግን አያይም። በጥሞና ያዳምጣል፣ ምክንያቱም ደዋዩም ብር ነው የሚጠይቀው።

እንዲህ ያለ መኪና በመጨረሻ ይሸጣል። ገዢ ሲመጣ ሻጩ መጀመሪያ የሚያስነሳው ቴፑን ነው፣ ሞተሩን ቀጥሎ። ከሩቅ እየጨፈረ ይመጣል። መንገድ የሚያውቅ ገዢ ገብቶ ይቀመጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ መሪውን አይነካም።

«ቴፑን ዝጋው እስቲ።»

«ምነው? ዘፈን አትወድም እንዴ?»

«እወዳለሁ። ግን ዝጋው።»

«ወንድሜ» ይላል ሻጩ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዘፈኑን ለማለፍ፤ «የሚዘጋበትን ኤሌክትሪሻኑ አላሳየኝም!»