ያልተቆጠረችው ኳስ

የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ክለብ የዳላስ ማቭሪክስ የዚያን ጊዜው ዋና ሥራ አስኪያጅ ኒኮ ሃሪሰን በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው የተናገሩትን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ክለቡ በዚያው ዓመት በጥር ወር ኮከቡን ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ በምትኩ አንቶኒ ዴቪስን ወስዶ ነበር። እሳቸው እንዳሉት ሉካ በደጋፊው ዘንድ ትልቅ ቦታ እንዳለው ያውቁ ነበር፤ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ግን አያውቁም ነበር። ዝውውሩም እንደማይጸጽታቸው ተናገሩ። የክለቡ መንገድም ያው ነው፤ ዋንጫ የሚገኘው በመከላከል ነው።

አንድ የእህል ነጋዴ «ጤፉን ሸጥኩት፤ ዋጋው ይህን ያህል መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ ቢሆንም አይቆጨኝም» ቢል ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ የመጋዘኑን ቁልፍ ይቀበለዋል። ሃሪሰን ግን ኅዳር 2018 ዓ.ም. እስኪሰናበቱ ድረስ ቁልፉን እንደያዙ ቆዩ።

ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ የዝውውሩ ዜና ሲደርሰን ብዙዎቻችን ዜናውን ያወጣው ዘጋቢ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ተጠልፎበት ነው ብለን ነበር። አሁን ከድንጋጤው ወጥተናል፤ ወደ ክርክሩ እንግባ። ለዝውውሩ ጥብቅና የቆሙ ሰዎች ሁሉ የሚደጋግሙት አንድ ነገር አለ፦ የሉካ ቁጥሮች ያታልላሉ። በ2016 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በየጨዋታው በአማካይ 33.9 ነጥብ፣ 9.2 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰን ኳስ መያዝ)፣ 9.8 አሲስት (ለሚያስቆጥር ሰው ማቀበል) ያስመዘገበው ኳሱ ሁልጊዜ እጁ ላይ ስለሚውል ነው፤ ለሌላ ሰው ቢሰጥም ያንኑ ያህል ይሠራበታል።

ለሌላ ሰው? ይኸው ከጥር ወዲህ ኳሱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አየነው። ዳላስ 39 አሸንፎ 43 ተሸንፎ ዓመቱን ጨረሰ። አንቶኒ ዴቪስ ሜምፊስ ላይ 40 ነጥብ አስቆጥሮም ቡድኑ ተሰናበተ። ሌላው የዳላስ ኮከብ ካይሪ ኢርቪንግ ጉልበቱ ተጎድቶ ከሜዳ መራቁን አልክድም፤ ዴቪስ ራሱ ገና በመጀመሪያው ጨዋታው ተጎድቶ ለሳምንታት መቀመጡንም አልክድም። ግን የ25 ዓመት ልጅ ሰጥቶ ዘወትር በጉዳት የሚታወቅ የ31 ዓመት ተጫዋች ተቀብሎ ሲያበቃ በጉዳት ማሳበብ ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ቁጥር ያታልላል በሚለው ላይስ እስማማለሁ። የሚያታልለው ግን እነሱ በሚሉት በኩል አይደለም። የሉካ ቁጥሮች ሉካን ያሳንሱታል።

ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዳላስ፣ በጥሎ ማለፉ ከኦክላሆማ ሲቲ ጋር የተደረገው ስድስተኛው ጨዋታ። ዳላስ 116 ለ 115 እየተመራ ነው፤ የቀረው ጥቂት ሰከንድ ነው። ሉካ ኳሱን ይዞ ወደ ቅርጫቱ ሲገባ ተከላካዮቹ ተሰበሰቡበት፤ እሱም በስተጥግ ብቻውን ለቆመው ፒጄ ዋሽንግተን አቀበለ። ዋሽንግተን የሚወረውር መስሎ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርን አዘለለውና ጥፋት ተሠራበት፤ 2.5 ሰከንድ ሲቀር ሁለት የቅጣት ውርወራ አስቆጠረ። 117 ለ 116። ዳላስ ወደ ምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ አለፈ።

አሁን የጨዋታውን ወረቀት ግለጡ። ሉካ፦ 29 ነጥብ፣ 10 ሪባውንድ፣ 10 አሲስት። ያቺ የመጨረሻዋ ኳስ ከአሥሩ ውስጥ የለችም። በኤንቢኤ፣ በአሜሪካው ሊግ፣ ሕግ የተቀበለው ሰው ጥፋት ተሠርቶበት በቅጣት ውርወራ ካስቆጠረ ላቀበለው አሲስት አይመዘገብም። በፊባ፣ በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ሕግ ይመዘገባል። ማለትም ሉካ ገና በልጅነቱ ለሪያል ማድሪድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲጫወት ያቺን ኳስ አቀብሎ ቢሆን ኖሮ አሥራ አንደኛ ተብላ ትጻፍለት ነበር። ውቅያኖሱን ሲሻገር ጠፋች። ኳሷ ያቺው፣ እጁ ያው፣ ውጤቷም ተጋጣሚውን ከውድድር ያስወጣ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም። ሌሎችም አሉ። ሁለት ሰው እሱን ለመያዝ ሲሮጥ ኳሱን ለአንዱ ያቀብላል፤ ያም ለሌላው፤ የሚያስቆጥረው ሦስተኛው ነው፤ አሲስቱ ለመካከለኛው ይጻፋል። መከላከያውን የበተነው ሰው ስም የትም የለም።

ይህን የማይቆጠር ነገር በገንዘብ ማየት ለሚፈልግ ዴሪክ ጆንስ አለ። ከክለብ ክለብ ሲዞር ኖሮ በሊጉ ዝቅተኛ ደመወዝ ዳላስ ገባ፤ አንድ ዓመት ከሉካ ጎን ተሰልፎ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላው ክለብ ክሊፐርስ የሦስት ዓመት፣ የ30 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው። ልጁ ታታሪ ተከላካይ ነው፣ አልነፍገውም። ነገር ግን ማንም ሳይጠጋው ቆሞ እንዲወረውርና ከቅርጫቱ በላይ የተሰቀለለትን ኳስ እየዘለለ እንዲከት ያደረገው ማን ነበር? ያ 30 ሚሊዮን በየትኛው አምድ ይጻፍ?

መከላከል ዋንጫ ያመጣል ለሚለው ብዙ ጊዜ አላጠፋም። በዚያው ግንቦት፣ ከኦክላሆማ ሲቲው ጨዋታ ስድስት ቀን በኋላ፣ ሚኒሶታ 108 ለ 106 እየመራ ሉካ ፊት ለፊት የቆመው ሩዲ ጎቤር ነበር፤ በዚያው ዓመት ለአራተኛ ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የተባለው ጎቤር። ሉካ ኳሱን በእግሮቹ መካከል አመላለሰ፣ ወደ ቅርጫቱ የሚገባ አስመሰለ፣ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ከሦስት ነጥብ መስመር ወረወረ። 109 ለ 108። መከላከል ዋንጫ የሚያመጣ ከሆነ መከላከል እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሲንገዳገድ በዓይናችን አይተነዋል።

አዎ፣ ሉካ በመከላከሉ ይሰንፋል። ከዳኛ ጋር መጨቃጨቁ ያሳፍራል፤ ክብደቱም የሐሜት ርዕስ ሆኗል። ሌከርስም በ2017ቱ ጥሎ ማለፍ ከሚኒሶታ ጋር ባደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ እሱ 37 አስቆጥሮ 117 ለ 95 ተሸንፏል። በቃ፣ ይኸው ተናገርኩ። እነዚህን ጉድለቶች ሁሉ ተሸክሞ ነው ይህንኑ ክለብ ለፍጻሜ ያደረሰው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ሃሪሰን ግን የብብታቸውን የጣሉት ቆጡ ላይ ምን እንዳለ እንኳ ሳያጣሩ ነው።

«እስከ ምን ድረስ እንደሆነ አላወቅሁም» ወዳሉት ልመለስ። ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሉካ በሌከርስ መለያ ዳላስ ሲመለስ በስታዲየሙ መቀመጫ ሁሉ ላይ ካናቴራ ተዘርግቶ ነበር። በስሎቬንያ ቋንቋ «ስለ ሁሉም እናመሰግናለን» ይላል። የመታሰቢያው ቪዲዮ ሲታይ ልጁ አለቀሰ፤ ከዚያ ተነሥቶ 45 ነጥብ አስቆጠረባቸው፤ ሌከርስ 112 ለ 97 አሸነፈ፤ ሕዝቡም ሃሪሰን ይባረሩ እያለ ሲጮኽ አመሸ። ካናቴራዎቹን አሳትሞ ያደለው ክለቡ ራሱ ነው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ልኩን ማወቅ ፈልገው ቢሆን ኖሮ ስንት ካናቴራ እንደታዘዘ ቢሮአቸው ውስጥ ደረሰኝ አይጠፋም ነበር።