ደማችሁን ደብቃችሁ ክትባቱን አትውቀሱ

ድሬዎች፣ ዛሬ ትንሽ ቆጣ ልል ነው።

አዲስ ክትባት በመጣ ቁጥር “ይህ ክትባት ለፈረንጅ የተሠራ ነው፣ ለእኛ አይሆንም” ትላላችሁ። ከዚራ ሻይ ቤት ይባላል፣ በርጫ ላይ ይባላል። ያንኑ የሚለው ሰው ግን ተመራማሪ ለጥናት ደም ሊወስድ ሲመጣ “ሊሸጡት ነው” ብሎ በር ይዘጋል። አቦ፣ ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

“ለእኛ አይሆንም” የሚለው ስጋት ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። ለኮሮና፣ ለኢንፍሉዌንዛና ለመሰል የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች ከሚሞከሩት ክትባቶች አንዱ ዓይነት በፔፕታይድ የሚሠራው ነው። ፔፕታይድ አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው። ሳይንቲስቶቹ ሙሉውን ቫይረስ አይጠቀሙም። ከፕሮቲኑ ላይ ሰውነታችን የሚለየውን ቁራጭ መርጠው በላብራቶሪ ይሠሩታል። ስለዚህ በሽታውን ራሱን ሊያሲዝ አይችልም። “ቫይረሱን ሊወጉን ነው” የምትሉ፣ ይህችን ያዙልኝ።

ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ሰውነት ቸል ሊለው ይችላል፤ የሚያነቃ አጋዥ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ይኼ ቀላሉ ነው። ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። በሴሎቻችን ገጽ ላይ ኤችኤልኤ የሚባሉ ሞለኪውሎች አሉ። የቫይረሱን ቁራጭ ይዘው ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ከእናትና ከአባት ይወረሳሉ፤ ከሰው ሰው፣ ከሕዝብ ሕዝብም ይለያያሉ። የእኔ የሚይዘውን ቁራጭ የጎረቤቴ ላይይዘው ይችላል። ሙሉ ፕሮቲን ያለበት ክትባት ብዙ ቁራጭ ስለሚያቀርብ አንዱ ባይሆን ሌላው ይሆናል። በፔፕታይድ ክትባት ግን ምርጫው ፋብሪካ ሳይገባ ያለቀ ነው።

ታዲያ መራጩ ምን አይቶ ይመርጣል? በእጁ ያለውን መረጃ ነዋ! ለጥናት ደም ከሰጡ ሰዎች የተሰበሰቡትን የኤችኤልኤ መዝገቦች። አፍሪካ በዘረመል ብዝኃነት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ ግን ድርሻዋ ትንሽ ነው። ድሬን ደግሞ አስቡት። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ አያቱ ከየመን የመጣው፣ ሁሉም በአንድ ሰፈር ይኖራል። ይህ ሁሉ ሰው ሳይመዘገብ የተመረጠ ቁራጭ ለእኛ ቢደክም ማንን ልንወቅስ ነው?

“እኛ ተራ ሰዎች ምን አቅም አለን” የሚለውንም ተዉት። ሩሲያ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ኤፒቫክኮሮና የተባለ የፔፕታይድ ክትባት መዘገበች። ከኮሮና ቫይረስ ፕሮቲን የተመረጡ 3 ቁርጥራጮች ነበሩበት። በሙከራው የተሳተፉ ሰዎች በራሳቸው ወጪ ደማቸውን አስመረመሩ። ብዙዎቹ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨውን ፕሮቲን፣ አላገኙም። ዝም አላሉም፤ ተሰባስበው በአደባባይ ጠየቁ። ሊጠይቁ የቻሉት ጥናቱ ውስጥ ስለነበሩ ነው። በር የዘጋ ሰው ያለው ወሬ ብቻ ነው።

እኛስ? በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ። ክትባት የጀመርነው በዓመቱ ነው፤ እሱም ከውጭ እስኪላክልን ጠብቀን። የአፍሪካ ኅብረት በ2040 እ.ኤ.አ. አህጉሪቱ ከሚያስፈልጋት ክትባት 60 በመቶውን ራሷ እንድታመርት ግብ ይዟል። ደስ ይላል። ግን ፋብሪካው አጠገባችን ቢተከል እንኳ፣ የሚያመርተው ቁራጭ በሌላ ሰው ደም ተመርጦ ከመጣ ምን ተረፈን?

ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግቡ አላልኩም። ፈርሙ ስትባሉ አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቆታል ወይ? ደሙ የት ይቀመጣል? ከአገር ይወጣል ወይ? ስሜ ከውጤቱ ጋር ይታያል? ብላችሁ ጠይቁ። ካልተዋጠላችሁ እምቢ በሉ። ከጀመራችሁ በኋላም ማቋረጥ መብታችሁ ነው። እምቢታችሁ ግን ከጥያቄ በኋላ ይምጣ። በተለይ እናንተ የሰፈር ሽማግሌዎች፣ አንድ ቃላችሁ መንደሩን ሁሉ ያስከትላል። ሳትሰሙ አትፍረዱ።

ለተመራማሪዎችም አለኝ። ደም ወስዳችሁ ስትጠፉ ነው ወሬው የሚፈላው። ውጤቱን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በሶማልኛም ይዛችሁ ተመለሱ፤ ያንኑ በር አንኳኩ።