ሦስት ከአምስት ያገኘው ፎቶ

የፎቶ ኤግዚቢሽን መክፈቻ ላይ ፎቶ የሚያይ ሰው ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ሰውማ ሞልቷል፣ ጋለሪው መተላለፊያ የለውም፣ ግን ገሚሱ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ብርጭቆውን ይዞ ወሬውን ያስነካዋል፣ ገሚሱ ደሞ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ፎቶ ያነሳል፣ ከዛ ከፎቶው ጋር ፎቶ ይነሳል፣ ከዛ ሁለት ሜትር የሚሆነው ዋናው ፎቶ አፍንጫው ስር ተሰቅሎ እያለ ስልኩ ላይ ያለችውን በሁለት ጣቱ እያጎላ "ውይ ሲያምር!" ይላል።

እውነት ለመናገር አይፈረድበትም፣ የፎቶው ፍሬም መስታወት አያሳይማ። በተለይ ጠቆር ያለ ፎቶ ከሆነ ፊት ለፊቱ ስትቆሙ መጀመሪያ የምታዩት የራሳችሁን መልክ ነው፣ ቀጥሎ የጣራውን መብራት፣ ቀጥሎ ከኋላችሁ የሚያልፈውን ሰውዬ ኮፍያ፣ ፎቶው ከነዚህ ሁሉ ስር የሆነ ቦታ አለ። ስለዚህ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ቀኝ፣ ጎንበስ፣ ቀና፣ አንገት ጠምዘዝ ማድረግ ነው፣ ከሩቅ የሚያያችሁ ሰው ደሞ ስራው ነፍሳቸውን ነክቶታል ብሎ ያደንቃችኋል። የማያንጸባርቅ መስታወት እኮ አለ፣ ውድ ስለሆነ ነው።

ፎቶውን እንደምንም ካገኛችሁት ፕላስቲክ ወንበር ነው። ባዶ ፕላስቲክ ወንበር። ርዕሱ "ርዕስ አልባ"፣ ጎኑ የተለጠፈው ጽሁፍ ደሞ "ስራው በመገኘትና ባለመገኘት መካከል ያለውን ውጥረት ይመረምራል" ይላል፣ ወንበሩ ላይ ሰው የለም ለማለት ነው። ሰዉ ጽሁፉን አንድ በአንድ ያነባል፣ ፎቶውን ገረፍ ያደርገዋል፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደሚቀጥለው ጽሁፍ ይሄዳል።

ዋጋ የሚባል ነገር ግድግዳው ላይ አትፈልጉ። ዋጋው ያለው ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ልጅ ጋር ነው፣ እሷ ደሞ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራለች፣ ስትጠይቋት ከጫማችሁ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ላይ ታያችኋለች። የዋጋ ሊስቱ የሚሰጠው ለሚገዛ ሰው ነው፣ የምር የሚገዛ ሰው ደሞ ዋጋ ሲጠይቅ አይታይም፣ እንግዲህ ማን እንደሚያነበው እነሱ ያውቃሉ። ብቻ እዚህም እዛም ትንሽ ቀይ ነጥብ ተለጥፋ ካያችሁ ተሸጧል ማለት ነው፣ ከተሸጠው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ የጋለሪው፣ ግማሹ የፎቶግራፈሩ ነው።

አንድ ኤግዚቢሽን ላይ አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት መነጽራቸውን አስተካክለው ከፎቶው ስር በእርሳስ የተጻፈችውን "3/5" ትክ ብለው አዩና "ልጄ፣ ማነው ያረመው?" አሉኝ።

"ምኑን እማማ?"

"ይሄን ነዋ! ሦስት ከአምስት መስጠት እኮ ግፍ ነው፣ ያምራል።"

ማርክ አይደለም፣ ከአምስት ኮፒ ሦስተኛው ማለት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። አሰብ አደረጉና "ለምን አምስት ብቻ? ማሽኑ ተበላሸ?"

የዚህን ንግድ ጠቅላላ ምስጢር እማማ በአንድ ጥያቄ ዘረገፉት። ማሽኑማ ደህና ነው። ከአንድ ኔጋቲቭ ወይ ከአንድ ፋይል የፈለጋችሁትን ያህል ማተም ትችላላችሁ፣ አሜሪካዊው ፎቶግራፈር አንሰል አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ወጥታ ያነሳትን ፎቶ በእድሜው ከሺ ጊዜ በላይ አትሟታል። የዛሬ ገዢ ገንዘቡን የሚያወጣው ከአምስት በላይ አናትምም ለምትለዋ ቃል ነው። አምስቱ እያለቁ ሲሄዱ ደሞ ዋጋው ይጨምራል፣ አንደኛውን የገዛና አምስተኛውን የገዛ እኩል ላይከፍሉ ይችላሉ፣ ወንበሩ ግን ያው ወንበር ነው። ከአምስቱ ውጪ "የአርቲስቱ ኮፒ" የሚባሉ አንድ ሁለት አሉ፣ እነሱ አይቆጠሩም፣ ለምን እንደማይቆጠሩ አትጠይቁኝ።

ጀርመናዊው ፎቶግራፈር አንድሬያስ ጉርስኪ የራይን ወንዝን አንስቶ ማዶ የነበረውን ህንፃ በኮምፒዩተር አጥፍቶ ሳር፣ ውሃና ሰማይ ብቻ አስቀረ፣ ከስድስቱ ፕሪንት አንዱ በ2011 ኒውዮርክ ጨረታ ላይ በ4.3 ሚሊዮን ዶላር ሄደ። ቅድም ያሾፍንበት ፎቶ ላይ ቢያንስ ወንበር አለ።

ያቺ ከዚህ በላይ አናትምም የምትለዋ ቃል ደሞ ሳይዝ አላት። አሜሪካዊው ፎቶግራፈር ዊሊያም ኤግልስተን በ1976 የከለር ፎቶዎቹን ኒውዮርክ ሞማ የሚባለው ሙዚየም ሰቅሎ ስንቱን ሃያሲ ያናደደው ሰውዬ ነው፣ በ2012 የድሮ ፎቶዎቹን በዲጂታል፣ ተለቅ አድርጎ እንደገና አሳተመና 36ቱ ክሪስቲስ የሚባለው አጫራች ድርጅት ጋ በ5.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጡ። ትንንሾቹን ቀድሞ የገዛ አንድ ሰብሳቢ፣ እንዴ እኔ የገዛሁት እኮ ተቆጥሮ ያለቀ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ2013 ክሱ ውድቅ ሆነ፣ በሌላ ሳይዝና በሌላ ዘዴ ከታተመ ሌላ ኤዲሽን ነው፣ ማለትም ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል ተባለ። እኔ ለሰብሳቢው አዝኛለሁ፣ የቤቱ ግድግዳ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር ሳይኖር ነው እንደዛ የተቃጠለው።

የሁሉ ቁንጮ ግን አሜሪካዊው አርቲስት ሪቻርድ ፕሪንስ ነው። ሰውዬው የሰው ኢንስታግራም እየገባ ስር ስሩ ኮመንት ይጽፋል፣ ከዛ ከነኮመንቱ ስክሪንሾት ያደርገዋል፣ ከዛ ትልቅ ሸራ ላይ አሳትሞ በ2014 ኒውዮርክ ጋጎዚያን ጋለሪ ላይ ሰቀለው፣ ባለፎቶዎቹን ማን አስፈቀደ። አንዳንዱ ወደ 90 ሺ ዶላር ነው የተሸጠው። ፎቶ ከተወሰደባቸው መካከል ሱሳይድ ገርልስ የሚባሉት የሞዴሎች ዌብሳይት ሰዎች ግን ከማልቀስ ይልቅ ያንኑ የፕሪንስን ስራ በዛው መጠን አሳትመው፣ ከስሩ የራሳቸውን ኮመንት ጨምረው፣ በ90 ዶላር መሸጥ ጀመሩ፣ ትርፉ ለበጎ አድራጎት ነው ብለው። ሺውን ብቻ ነው የጣሉት። እኔ አሁን የነሱን ስክሪንሾት አድርጎ፣ አንድ ኮመንት ጣል አድርጎ በዘጠኝ ዶላር የሚሸጥ ሰው እየጠበቅኩ ነው፣ ከመጣ እገዛለሁ፣ ግን መጀመሪያ ስንት እንዳተመ ይነግረኛል።