ሮቦቱ ራሱ አይቀድም

እትዬ፣ ለእናትዎ ማህፀን ማስወጣት «ሮቦቱ ራሱ ስለሚቀድ አይሳሳትም፤ የለገጣፎውን መሬት ሸጠንም ቢሆን ውጭ እንውሰዳት» ያሉትን በአክብሮት ላርም። ሮቦቱ በራሱ የሚወስነው አንዳች ነገር የለም፤ ክንዶቹን የሚያንቀሳቅሰው ከመቆጣጠሪያው ፊት የተቀመጠው ሐኪም ነው። ላፓሮስኮፒም፣ ማለትም ሐኪሙ ያለ ሮቦት መሣሪያዎቹን በእጁ ይዞ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና፣ እንዲሁ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ የሚሠራ ሲሆን፣ እንደ እናትዎ የማህፀን እጢ ላለ ካንሰር ላልሆነ ሕመም፣ ሁለቱን ያነጻጸሩ ጥናቶች በጉዳት መጠን ጉልህ ልዩነት አላሳዩም፤ የሮቦቱ ወጪ ግን ይበልጣል። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንትም እ.ኤ.አ. በ2013 የሮቦት ቀዶ ሕክምና ብቸኛውም ሆነ የተሻለው መንገድ አለመሆኑን በይፋ ገልጸዋል። መሬቱን ከመሸጥዎ በፊት፣ እባክዎ፣ ሆድ ሳይከፈት በብልት በኩል ማውጣት ይቻል እንደሆነና ሐኪሙ በላፓሮስኮፒ ምን ያህል ልምድ እንዳለው ይጠይቁ።