ክርክር፦ የክልሉ የሳይንስ በጀት ቀድሞ ለማን ይዋል?

ጥያቄው አንድ ክልል በዕውቀት ላይ የቆመ ኢኮኖሚ ልገንባ ቢል ውስን በጀቱን ቅድሚያ ለምርምር ማዕከል ይስጥ ወይስ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚል ነው። ተከራካሪዎቹ አንዲት የሰብል ተመራማሪና አንድ የባዮሎጂ መምህር ናቸው።

ተመራማሪዋ፦ ለማዕከሉ ይዋል እላለሁ፤ ማስረጃዬም ቁንጮ የተባለው የተሻሻለ የጤፍ ዝርያ ነው። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ስለሆነች እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ይባል ነበር። አበባዋ ማለዳ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት ከታወቀ በኋላ ነው በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በቀጭን ወረንጦ፣ ወንዴ ክፍሏን ነቅሎ የሌላ ዝርያ ብናኝ ማድረስ የተቻለው። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ዱከም የተባለውን ምርታማ ዝርያ ማኛ ከሚባለው ነጭ ዝርያ ጋር አዳቅሎ ቁንጮን ያወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሦስት ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ይህን ያህል መታገሥ የሚችለው ባለሙያና መሣሪያ በአንድ ቦታ ያከማቸ ተቋም ነው፤ ያለንን ለየትምህርት ቤቱ ብንበትነው ለአንዱም የማይበቃ ፍርፋሪ ይሆናል።

መምህሩ፦ ዶክተር፣ ምሳሌዎ ለእኔም ይመሰክርልኛል። ዱከም በ1987 ዓ.ም. ሲለቀቅ ምርቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ፍሬው ገበያው እንደሚፈልገው ነጭ ስላልነበረ ብዙ ገበሬ አልወደደውም። ቁንጮ የመለሰችው ጥያቄ ከማሳና ከገበያ የመጣ ነው። ያንን ጥያቄ ሰምቶ ወደ ቤተ ሙከራ የሚወስድ ሰው ደግሞ ከየት ይመጣል? ቀድሞ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሁለት ማይክሮስኮፖች ከነካርቶናቸው ንብረት ክፍል ተቀምጠው ነበር። በሞዴል 22 (በንብረት ማውጫ ቅጽ) ፈርሞ ያወጣ መምህር ቢሰበርበት ከደመወዙ ስለሚቆረጥ ማንም አይነካቸውም። ተማሪዎቼ የሽንኩርት ሕዋስን የሚያውቁት እኔ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስልላቸው ነው (ስዕሌም የሚመሰገን አይደለም)። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ማዕከልዎ ነገ የሚቀጥረው ከእነዚሁ መካከል ነው።

ተመራማሪዋ፦ ማይክሮስኮፑ ተገዝቷል እኮ፤ የጎደለው ደንብ እንጂ ገንዘብ አልነበረም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም ከመቶ ሰባው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲያጠና ሲወሰን ቁጥሩ ቀድሞ ሮጠ፣ መምህሩና መሣሪያው ወደ ኋላ ቀሩ። እርስዎ ያሰቡት ማከፋፈል ያንኑ እንዳይደግም እሰጋለሁ።

መምህሩ፦ ስለ ደንቡ ልክ ነዎት፤ ነገር ግን ደንቡ ዛሬ ቢሻር እንኳ የተቃጠለ አምፖል የሚቀይር፣ ሌንስ የሚያጸዳ ሰው በትምህርት ቤቱ የለም። ክልሉ ዘንድሮ አዲስ የሥራ መደብ የሚከፍት ከሆነ የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን መደብ ይክፈት። ማዕከሉ አንድ ዓመት ቢጠብቅ አይጎዳም።

ተመራማሪዋ፦ ቴክኒሺያኑንስ እኛ ዘንድ ካልሆነ የት ሊያሠለጥኑት ነው?