ከአራተኛው በኋላ ይጥማል

እኔ የጠየቅኩት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ነበር።

ማክሰኞ ወረፋ አለብኝ። የየትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መነሳት አለ፣ ስም ማስመዝገብ አለ፣ "ከኔ ኋላ ማን ነበር?" የሚባል ጭቅጭቅ አለ። ለእንዲህ ያለው ቀን ኪስ የምትገባ፣ በአንድ ቅጽ ተጀምራ በዚያው የምታልቅ መጽሐፍ ታስፈልጋለች። ወረፋው እስኪደርስ እሷም ትደርሳለች።

እሑድ ከሰዓት የእህቴን ልጅ አራት ኪሎ አገኘሁት። ከጓደኞቹ ጋር በርጩማ ላይ ተኮልኩለው የጀበና ቡና ይጠጣሉ። ሁሉም ፋንታሲ አንባቢ ናቸው። አስማተኛ፣ ሰይፍ፣ ዘንዶ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ካርታ። ካርታ ከሌለው አይነኩትም። እኔም በወጣትነቴ ስለቀመስኩት አልጠላውም። እስቲ አንድ ቀጭን ጠቁሙኝ አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

"ጋሼ፣ የጊዜ መንኮራኩርን አንብበዋል?" አለ ባለመነጽሩ።

"ስንት ቅጽ ነው?"

"14።"

"አንድ ነው እኮ ያልኩት።"

"ገባኝ ጋሼ። በአንዱ ይጀምራሉ።"

ሌላው ተቆጣ። "ተዋቸው፣ 14 ይበዛባቸዋል" አለ። ደግ ልጅ መሰለኝ። ቀጥሎ ስቲቨን ኤሪክሰን የሚባል ደራሲ ጠራልኝ። 10 ቅጽ "ብቻ" ነው አለ። "መጀመሪያ ላይ ምንም አይገባዎትም ጋሼ፣ ውበቱ እሱ ነው።" የማይገባኝን ማንበብ ካማረኝ የቤት ኪራይ ውሌ አለልኝ። ሦስተኛው የቴሪ ፕራቼትን 41 ልቦለዶች ይዞ መጣ። "ግን ከመጀመሪያው እንዳይጀምሩ! ከስምንተኛው ነው የሚጀመረው።" ስምንተኛው ሺህ ሲባል የሰማሁት ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ የሆነ ነገር ተናገረች። በጩኸቱ መሀል አልሰማኋትም። ሦስቱ ደግሞ እኔን ረስተው እርስ በርሳቸው ጀመሩ። በወጣበት ቅደም ተከተል ይነበብ ወይስ በታሪኩ ቅደም ተከተል? ቡናው በረካ ደረሰ። እነሱ ገና አንደኛው ቅጽ ላይ ናቸው።

እዚህ ከተማ እኮ ማስነጠስም አይቻልም። ታክሲ ውስጥ አንዴ ካስነጠሳችሁ ከኋላ ወንበር "ዳማከሴ!" ይላችኋል። ከጎን "ፌጦ በሎሚ" ይመጣል። ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ ነጭ ሽንኩርት በማር ያዛል። ምናችሁን እንዳመማችሁ የሚጠይቅ የለም። እኔ ጥርሴን ባመመኝ ጊዜም ዳማከሴ ተብያለሁ። የፋንታሲ አንባቢም እንደዚያው ነው። ቀጭን ስትሉት 14 ቅጽ። የሚያስቅ ስትሉት እነዚያኑ 14 ቅጽ። ጦርነት የሌለበት ስትሉት "ጦርነቱ እኮ ብዙ አይደለም" ብሎ ያንኑ 14 ቅጽ።

ማታ ቤት ገብቼ ስልኬን ባየው ቴሌግራሙ አብዷል። ፒዲኤፍ በፒዲኤፍ ላይ ይወርዳል። የወር ፓኬጄ በአንድ ሌሊት አለቀ። ከሥሩ የባለመነጽሩ መልእክት አለ። "ጋሼ፣ 14ቱንም ልኬልዎታለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላሉ፣ ከአራተኛው በኋላ ይጥማል። ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው ደግሞ ትንሽ ይጎተታል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ። አባቴ በሒሳብ 38 ባመጣሁ ቁጥር የሚለኝ ነበር። ግን እስቲ አስተውሉት። ዶሮ ዕንቁላሏን የምትታቀፈው 21 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ጫጩቱ ወጥቶ በእግሩ እየሄደ ይጭራል። "ሦስቱን ዝም ብለሽ ታቀፊ፣ የሚፈለፈለው አራተኛው ነው" የተባለች ዶሮ አላውቅም። ሲባል ደግሞ ዕንቁላሉ መች ሄደ? የሄደው ጫጩቱ ነው። ዕንቁላሉማ ተሰበረ። ይህንን ለአባቴ ተናግሬ አንድ ኩርኩም ቀምሻለሁ፣ እስካሁን ግን አቋሜን አልለወጥኩም። አሁን ባለው ዋጋ ደግሞ ዕንቁላል በእግሩ የሚሄድበት ምክንያት የለውም፣ መኪና መግዛት ይችላል።

ይሁን። 14ቱ እንኳ አልቀዋል። ደራሲው ሮበርት ጆርዳን የመጀመሪያውን በእኛ አቆጣጠር በ1982 አወጣ። ሳይጨርሰው መስከረም 5፣ 2000 ዓ.ም. አረፈ። እኛ ገና የሚሌኒየሙ ጭፈራ ድካም አልወጣልንም ነበር። በተወው ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ ብራንደን ሳንደርሰን ሦስት ቅጽ ጻፈና በ2005 ዘጋው። የሟች ዕዳ እንደመክፈል ነው፣ እግዜር ይስጠው።

የባሰው ያላለቀውን የሚጠቁሙት ናቸው። የእህቴ ልጅ የጆርጅ አር. አር. ማርቲንን ካላነበብክ ብሎ ሁለት ዓመት ወትውቶኛል። አምስተኛው ቅጽ የወጣው ሐምሌ 2003 ነው። ስድስተኛው እስካሁን የለም። ፓትሪክ ሮትፈስ የሚባለውም አለ። የሱ ሁለተኛ ቅጽ የካቲት 2003 ወጣ፣ ሦስተኛው የለም። በሁለቱ መሀል፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 24፣ እኛ የሕዳሴውን ግድብ የመሠረት ድንጋይ አኖርን። ቦንድ ገዛን፣ ዘፈን ዘፈንን፣ ጠበቅን። ጳጉሜን 4፣ 2017 ተመረቀ። ዓባይ ተገደበ፣ ስድስተኛው ቅጽ አልወጣም! ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው "ግድብና ሥነ ጽሑፍ ይለያያሉ ጋሼ" አለኝ። እንደሚለያዩማ አየነው።

ደግሞ የሚያናድደኝ፣ አለማለቁን ቀድመው አይነግሯችሁም። አምስተኛውን ዘግታችሁ "ቀጣዩስ?" ስትሉ ነው ፊታቸው የሚበራው። "እንግዲህ እኛም እየጠበቅን ነው" ይላሉ። እንኳን ደህና መጡ ዓይነት ነው። ለካ ያን ሁሉ የወተወቱት ድንኳን ውስጥ አብሯቸው የሚቀመጥ ለቀስተኛ አጥተው ኖሯል።

እኔ ግን ቂሜ የቆየ ነው። በ1986፣ ተማሪ ሳለሁ፣ የቶልኪንን የቀለበቶቹን ጌታ በሦስት ቅጽ ገዛሁ። አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጉት ነው፣ የወሩ የኪስ ገንዘቤ አልቆበታል። በፈረንጅ 1954 እና 1955 የወጣ መጽሐፍ ነው። ሰውዬው የጻፈው እንደ አንድ መጽሐፍ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወረቀት ተወዶ አሳታሚው ለሦስት ከፈለው። ያ አሳታሚ ያን ቀን ባይከፍለው የኔ ችግር ባልተፈጠረ!

አንደኛውን በሦስት ሌሊት ጨረስኩ። ጋንዳልፍ የሚባለው አስማተኛ ሽማግሌ ገደል ገባ። አለቀስኩ፣ አላፍርም። ሁለተኛውን ልጀምር ስል የዶርም ጓደኛዬ "ለሰኞ እመልሳለሁ" ብሎ ወሰደው። ስንት ሰኞ እንዳለፈ እናንተ ቁጠሩ። ትዕግሥቴ ሲያልቅ ሦስተኛውን ከፈትኩት። ያ ያለቀስኩለት ሽማግሌ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ፈረስ ላይ ሆኖ ይጋልባል! እንዴት ተነሳ? ማን አነሳው? ጓደኛዬን ሄጄ ጠየቅኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አልነግርህም፣ ደስታውን አበላሽብሃለሁ። አንተ ራስህ ማንበብ አለብህ።"

መጽሐፉ እኮ እሱ ጋ ነው ያለው!

ጭራሽ በየደረስንበት ለሰው ይጠቁመዋል። "ሁለተኛው ቅጽ ከሦስቱም ይበልጣል" እያለ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ። ጋንዳልፍ እንዴት እንደተነሳ ያወቅኩት በ1995 ነው፣ የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ ቪዲዮ ቤት ሲታይ። 9 ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ሞቶ ይሁን ቆሞ ሳላውቅ ኖርኩ። እስከ ዛሬ የመጽሐፍ አዟሪ ባየሁ ቁጥር ያንን ቅጽ እጠይቃለሁ። አንደኛው አለ፣ ሦስተኛውም አለ። ሁለተኛውን አገር ምድሩ ተውሶታል መሰለኝ።

አያቴ እንዲህ አታደርግም ነበር። የሷ ዘንዶ አርዌ ነው። አገር የሚገዛ፣ በየጊዜው ልጃገረድና ከብት የሚገበርለት እባብ። አንድ ጀግና የተመረዘ ፍየል አብልቶ ገደለው፣ ነገሠም፣ ንግሥተ ሳባ ልጁ ነች። አለቀ። ተረቷ ምድጃው ሳይጠፋ ታልቃለች። ክፍያዋም "ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ" ነው። ካላመናችሁ ቸርችል ጎዳና ውረዱና የባህል ዕቃ መሸጫዎቹን ግቡ። የሳባ ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕል አንድ ሸራ ላይ ተሥሎ ተሰቅሏል። ከዘንዶው ይጀምራል፣ ምኒልክ ተወልዶ ጽላቱ መጥቶ ያበቃል። ሙሉ ሥርወ መንግሥት በአንድ ሸራ! ተጠቅልሎ ብብት ይገባል። ለባለመነጽሩ ይህን ብነግረው "አሪፍ ነው ጋሼ፣ ግን ካርታ የለውም" ነው የሚለኝ።

ወረፋውስ? ሄድኩ፣ ተሰለፍኩ፣ አራት ሰዓት ላይ "ሲስተም የለም፣ ነገ ኑ" ተባልን። ያቺ ጥግ ላይ የነበረችው ልጅ ሰኞ ማታ ለብቻዬ ጽፋልኝ ነበር። ኡርሱላ ለ ጉዊን የምትባል ደራሲ በፈረንጅ 1968 ያወጣችው ነው፣ ስለ ምድረ ባሕር አስማተኛ። "ቀጭን ናት ጋሼ። እሑድ ነግሬዎት ነበር።" እኔም ተጠራጥሬ ተከታታይ አለው ወይ አልኳት። "ስድስት ናቸው፣ ግን አንዷን አንብቦ ማቆም ይቻላል" አለች። አቤት ጨዋነት! ፋይሏን ላወርድ ስል ስልኬ ሞልቷል፣ ቦታ የለም ይለኛል። በማን ምክንያት እንደሆነ ይታወቃል።

ስለዚህ የባለመነጽሩን ፋይሎች ላጠፋ ቁጭ አልኩ። እያጠፋሁ ቆጠርኩ፣ 13 ናቸው። ደገምኩ፣ 13። ሰባተኛው የለም። ላነበው አይደለም፣ በእግዜር ስም። ግን መሀሉ የጎደለ ነገር ሳይ አንድ የቆየ ቁስል ይነካብኛል። ሳላስበው ደወልኩ።

"ሰባተኛው የት አለ?" አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ጆሮዬ እስኪደነቁር ጮኸ። "ጋሼ! ስድስቱን ጨረሱ?!"

"ኧረ እኔ—"

"ልጆች! ጋሼ ስድስቱን ጨረሱ!" ከጀርባ ጭብጨባ ሰማሁ። ጀበና ቡናው ላይ ናቸው መሰለኝ።